ወራጅ አለ!

ከሴቻ ወደ ሲቀላ በሚወርድ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሆነን ተቀምጠናል። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ነው፤ ቡድናችን አርባ ምንጭ ከተማ ከፕሪሚየር ሊጉ መውረዱ ቁርጥ የሆነበት ሰሞን። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት መውረጃቸው ሲደርስ እንደ ወጉ «ወራጅ አለ!» አሉ። ሾፌሩ ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ነው። ዞር ሳይል፣ «ጋሼ፣ እሱንማ አገሩ ሁሉ ሰማው» ብሎ መለሰላቸው። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም። ሒሳባቸውን ከፍለው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከወረዱ በኋላ ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩንና፣ «ሳቁ፣ ሳቁ። ይኸ እኮ ሁለተኛችን ነው» አሉን።

እኔ ያን ቀን ያልኩት ዛሬም ትዝ ይለኛል። ሲቀላ እስክንደርስ አፌ አላረፈም። አሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ! ሾፌሩም ስለ አሰልጣኙ፣ ሌላው ተሳፋሪም ስለ አሰልጣኙ። ከተማው በሙሉ በአንድ ነገር ሲስማማ ማየት እንዲያው ደስ የሚል ነገር አለው። የሴቻና የሲቀላ፣ የሃብታምና የድሃ፣ የአሮጌና የጎረምሳ ልዩነት የለም፤ ሁሉም «ይውረድ!» ይላል። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ያ ስምምነታችን ራሱ ያሳፍረኛል። ያሳፈረኝ አሰልጣኞቻችን ንጹሐን ሆነው አይደለም። አይደሉም! የነሱንም ድርሻ አላስቀርም።

ለማያውቅ አንባቢ ግን በቅድሚያ ጥቂት ልበል። አርባ ምንጭ ኳስን ትናንት አልተዋወቀችም። ዛሬ «አዞዎቹ» የሚባለው የከተማው ቡድን ከመምጣቱ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነበረን፤ በ1990ዎቹ በአገሪቱ ትልቁ ሊግ ውስጥ ከነጊዮርጊስና ከነቡና ጋር የተሰለፈ። ደጉ ደበበ የዚህችው ከተማ ልጅ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ የኋላ መስመር ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ቆመ፤ ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው በጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ሲጫወቱ አምበላችን እሱ ነበር። የከተማው ቡድን በ2004 ፕሪሚየር ሊግ ገባ፤ ሰባት የውድድር ዘመን ቆየ። በ2010 ወረደ። በ2013 ማለፊያውን አግኝቶ ተመለሰ። በ2015 እንደገና ወረደ። በ2016 እንደገና ወጣና 2017ን ከትልልቆቹ ጋር ተጫወተ። ከሴቻ ሲቀላ፣ ከሲቀላ ሴቻ የሚመላለስ ባጃጅ ይመስል።

አሁን ወደ አሰልጣኙ ልምጣ። «አሰልጣኙ» ስል አንድ ስም ያለው ሰው በልቤ ይዤ አይደለም። በአገራችን ሜዳዎች በየወንበሩ ሲፈራረቁ እያየኋቸው የኖርኩትን ሁሉ ባንድ ኮት ውስጥ ከትቼ ነው። ይህ ሰው በነሐሴ ይመጣል። አብረውት አሥር፣ አሥራ አምስት ተጫዋቾች ይመጣሉ፤ ከፊሎቹ ዓምና በሌላ ክለብ አብረውት የነበሩ፣ ከፊሎቹ ደላላ ያመጣቸው። በመስከረም እርስ በርስ ስም ይጠያየቃሉ። በጥቅምት ጨዋታ ይጀመራል። ኳሷ ከኋላ ትነካካለች፣ ትነካካለች፣ ትነካካለችና ወደ በረኛው ትመለሳለች፤ በረኛው ወደ ሰማይ ይለጋታል። ከሰማይ ስትወርድ የተጋጣሚ ተከላካይ በግንባሩ ይቀበላታል። እኛም እንደገና «ሀ» ብለን እንጀምራለን። ዕድል ቀንቶን አንድ ጎል ካገባን ደግሞ ሌላ ጉድ ይመጣል። አጥቂው ይወጣል፤ ተከላካይ ይገባል። ሌላው አጥቂ ይወጣል፤ ሌላ ተከላካይ ይገባል። አሥራ አንዱም ተጫዋች በገዛ ግባችን ፊት ተኮልኩሎ ሰዓት ይቆጥራል። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሲቀር የማዕዘን ምት ይመታብናል። ከዚያ በኋላ ያለውን አንባቢ ራሱ ይጨርሰው።

ጨዋታው ሲያልቅ ማይክሮፎን ይቀርብለታል። «ጥሩ ተንቀሳቅሰናል፤ ችግራችን አጨራረስ ላይ ነው» ይላል። ለመሆኑ ይህ «አጨራረስ» የሚሉት ነገር ምንድን ነው? አንዳንድ ዓመት ዘንቦ አንዳንድ ዓመት የሚቀር የበልግ ዝናብ ነው? ጎል ፊት ሲደርስ እግሩ የሚንቀጠቀጥ አጥቂ ካለህ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ያለው ቀን ለምን ተሰጠህ? «ወጡ ጥሩ ነበር፤ ችግሩ ጨውና ቅመም ላይ ነው» የምትል ባለ ምግብ ቤት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በሚቀጥለው ሳምንት ጥፋተኛው ዳኛው ነው። በሦስተኛው ሜዳው ነው። በአራተኛው «ዕድል ከእኛ ጋር አልነበረችም» ይባላል። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ «ቅያሪዬ ስህተት ነበር» የሚል አሰልጣኝ ብሰማ የለበስኩትን ማልያ አውልቄ እሸልመው ነበር።

ይህን ካልኩ የራሴንም ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት፣ ቡድናችን ገና በሜዳችን በሚጫወትበት ዘመን፣ ከተቀያሪ ወንበሩ ጀርባ ካለው አጥር ተጠግቼ ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ ሰባኛው ደቂቃ አሰልጣኙን ስሳደብ ቆየሁ። «ቀይር እንጂ! ዓይን የለህም? ቀይር!» ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ቻለኝ። ኋላ ታክቶት ነው መሰለኝ ዘወር አለና፣ ምንም ሳይቆጣ፣ «እሺ ወንድሜ፣ ማንን ላስገባ?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። የሚወጣ ስም የለም።

ወንበሩ ላይ ሰባት ልጆች ተደርድረዋል። የሰባቱንም ስም አላውቅም። ከመሀላቸው የሰፈሬ ልጅ የለም፣ የጓደኛዬ ታናሽ ወንድም የለም፣ በትምህርት ቤት ውድድር ያየሁት የለም። በዚያው ዓመት መጥተው በዚያው ዓመት የሚሄዱ እንግዶች ናቸው። ሰውየው መልሴን አልጠበቀም፤ ወደ ሜዳው ዞረ። ብዙም ሳይቆይ ተሰናበተ። ደስ ብሎን ነበር፤ እኔማ ቡና ጋብዣለሁ። «ማንን ላስገባ?» የምትለዋ ጥያቄ ግን አብራው አልሄደችም። እኔው ዘንድ ቀረች።

ያ ባጃጅ ነጂ ልጅ ትዝ አላችሁ? የግራ እግር ተጫዋች ነው። የእሑድ ጠዋት ጨዋታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ኳሷን ሲቆጣጠራት እግሩ ላይ ሙጫ ያለበት ይመስላል። ለሙከራ ወደ አንድ ክለብ ሄዶ ነበር፤ የክለቡን ስም አልጠራም። ሦስት ቀን አሯሯጡት። በአራተኛው ቀን «ዝርዝሩ ሞልቷል» ተባለ። ዝርዝሩ የሞላው ከሙከራው በፊት መሆኑን የሰማው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ባጃጁን ይነዳል፤ እንደኔው «አሰልጣኙ ይውረድ» እያለ።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። አሰልጣኙ ይህን ልጅ ለምን አያሰልፍም? ክፉ ሆኖ ነው? ዓይን አጥቶ ነው? አይመስለኝም። ውሉ አጭር ነው። ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ከተሸነፈ ስብሰባ ይጠራል፤ አምስት ከሆነ ደብዳቤ ይጻፋል። በእንዲህ ያለ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ማሰለፍ ዕዳ ነው። ልጁ ዛሬ ይሳሳታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ይክሳል። የሚክሰው ግን የሚቀጥለውን አሰልጣኝ ነው! ስለዚህ ሰውየው የበሰለ ተጫዋች ይገዛል፤ ተከላካይ ይደረድራል፤ ነጥብ በነጥብ እየለቃቀመ ቀን ይገፋል። ፈሪ ያደረግነው እኛው ነን። ከዚያ ደግሞ ፈሪ ብለን እንሰድበዋለን።

ሽሮ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ ዘመድ አለኝ፤ የዶርዜ ሰው ነው። ለኳስ ግድ የለውም። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ብሶት ሳወራለት እጁን ከመወርወሪያው ሳያነሳ አዳመጠኝና፣ «እኛ ዘንድ ሸማኔው ቢታመም ልጁ ወይም ወንድሙ ተቀምጦ ይቀጥላል። ድሩን ግን የሚቆርጥ የለም» አለኝ። እኛ ጋ የሚመጣው አሰልጣኝ ሁሉ የመጀመሪያ ሥራው ድሩን መበጠስ ነው። የነበሩትን ያሰናብታል፤ የራሱን ያመጣል። ማጉን ገና ሁለት ጣት ሳያስገባ ደግሞ እሱም ይሰናበታል።

ይህ የአርባ ምንጭ ብቻ አመል አይደለም፤ ብሔራዊ ቡድናችንን ተመልከቱ። ሰውነት ቢሻው በጥቅምት 2005 ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትተው አገሩን ሁሉ አደባባይ አወጡት። በዓመቱ ለዓለም ዋንጫ በመጨረሻው ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር ተገናኙ። ሁለቱንም ጨዋታ ተሸነፉና በየካቲት 2006 ተሰናበቱ። ከዚያ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ከባሬቶ በኋላ ዮሐንስ ሳህሌ። ከዮሐንስ በኋላ ገብረመድኅን ኃይሌ። ከዚያ አሸናፊ በቀለ፣ ከዚያ አብርሃም መብራቱ፣ ከዚያ ውበቱ አባተ። ስድስት ሰው! ቡድኑ እንደገና የአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ላይ የታየው በጥር 2014 ካሜሩን ላይ ነው። ስድስቱም ሰነፎች ነበሩ የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ።

ከቅርባችን ደግሞ ወላይታ ድቻ አለ፤ ጎረቤታችን። (የድቻን ስም በበጎ ማንሳት ለአንድ የአርባ ምንጭ ደጋፊ ምን ያህል እንደሚጎመዝዝ የሚያውቅ ያውቀዋል።) አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ እዚያ ለዓመታት ቆዩ። ከታችኛው ሊግ አሳድገው በ2009 የኢትዮጵያ ዋንጫን አስበሉት። በተከታዩ ዓመት ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የግብፁን ዛማሌክን በፍፁም ቅጣት ምት ጣለ። ዛማሌክን! እውነቱን ላለመሸሸግ፣ በዚያ ጨዋታ ወንበሩ ላይ የነበሩት ሌላ አሰልጣኝ ነበሩ። ቢሆንም ድሩ አልተቆረጠም ነበር። ያ ዓመት ለእኛ የትኛው ዓመት እንደነበር ታስታውሳላችሁ? 2010። የወረድንበት። እኚሁ አሰልጣኝ ኋላ ወደ እኛ መጥተው በ2013 ወደ ፕሪሚየር ሊግ መልሰውናል፤ በ2017 ደግሞ ብሔራዊ ቡድኑን ተረክበዋል። በዚያች ባጃጅ ውስጥ ግን ይህን ያነሳ አልነበረም፤ እኔም ጭምር። በ2016 ዋንጫውን የወሰደው ኢትዮጵያ ንግድ ባንክም ከከፍተኛ ሊግ ገና በመጣበት ዓመት ነው፤ ያሳደጉትን አሰልጣኝ በፀሎት ልዑልሰገድን ሳይለውጥ። «ባንክ ነዋ! ገንዘብ አለው» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፤ አለው።

ገንዘብ ካነሳን ዘንድ እሱንም እንየው። በአገራችን አብዛኛው ክለብ የሚኖረው በመንግሥት በጀት ነው፤ ወይ ከተማ አስተዳደር ነው፣ ወይ መንግሥታዊ ድርጅት። ይህ ማለት ለተከላካዩ ደመወዝ የሚከፍለው ሙዝ ቸርቻሪዋ ናት፣ መምህሩ ነው፣ ያ ባጃጅ ነጂ ነው። በ2011 ማብቂያ ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ውሳኔው ቀለሙ ሳይደርቅ «ከጠረጴዛ ሥር» ስለሚከፈለው መወራት ጀመረ። እኔ ስለ አንድ ክለብ አልመሰክርም። ግን በየክለቡ ለፊርማ የወጣውን፣ በመሀል ለተባረረው አሰልጣኝ የተከፈለውን፣ ለደላላ የሄደውን አስልቶ ለከፋዩ ሕዝብ በአደባባይ ያነበበ ማን አለ? አሰልጣኙ ሲባረር ጩኸታችን ይበርዳል፤ ሒሳቡም አብሮ ይቀበራል። እንዲያውም አንዳንዴ የሚባረረው ለዚሁ ይመስለኛል።

ሌላም በደል አለ፤ ይኸኛው ከአሰልጣኙም ከእኛም በላይ ነው። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በቴሌቪዥን ይተላለፋል ተብሎ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች መካሄድ ጀመሩ። እኛ በ2014 ወደ ላይ ስንመለስ ያገኘነው ይህን ነው። በዚያ ዓመትም በተከታዩም «አርባ ምንጭ ከተማ» የሚባለው ቡድን በአርባ ምንጭ ከተማ አልተጫወተም። ሐዋሳ፣ አዳማ፣ ድሬዳዋ፣ ባሕር ዳር ዞረ። ከጨንቻ ብርድ ለብሶ ወርዶ፣ ከላንቴና ከሸሌ በአይሱዙ ተጭኖ ስታዲየም ይገባ የነበረው ሕዝብ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። አሥር ሰው በሚይዝ አግዳሚ ላይ ሃያ ሆነን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ውጤት በስልክ እየጠየቅን። ድሬዳዋ ላይ በባዶ ወንበር ፊት የሚጫወት ልጅ የሴቻን ጩኸት ከየት ይሰማል? ባለ ሜዳ መሆን የሚባለውን ጥቅም አጥተን፣ የሜዳ ገቢውን አጥተን፣ ስንወርድ ግን ወረቀት ላይ ከሁሉ እኩል ወረድን። ይህን ያነሳ ሰልፍ አላየሁም። አሰልጣኝ ላይ መጮህ ይቀላል፤ ቅርብ ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ መልስ አይሰጥም።

(የሴቶች ቡድንም አለን፤ በሴቶች ፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ። ስለ እሱ «አሰልጣኙ ይውረድ» ብሎ የጮኸ ሰው ባጃጅ ውስጥ አጋጥሞኝ አያውቅም። ለምን እንደሆነ ወንዶች ደጋፊዎች ለራሳችን እንመልስ።)

ታዲያ ምን ይደረግ ነው የምትለው? እንላለን እኮ፣ የጋሞ ሰው ዱቡሻ አለው። ዱቡሻ ነገር በይፋ የሚታይበት አደባባይ ነው። ሰው በየተራ ይነሳል፣ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፤ እውነቱ እስኪለይ ይቆያል። ሀለቃ የሚሾመው በጉባኤ ፊት ነው፤ ከወጉ ከወጣም ያው ጉባኤ ያወርደዋል። ይህ የተረት ነገር አይደለም። በመስከረም 2011 የቡራዩ ወገኖቻችን እልቂት የሰማ ወጣት በዚህችው ከተማ ለበቀል ሲነሳ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው መለሱት። አገር ሁሉ ያየው ነው። ንዴትን የሚያበርድ፣ ሥልጣንንም የሚጠይቅ ወግ ያለው ሕዝብ ስለ ገዛ ቡድኑ ሲሆን ለምን ከአጥር ውጪ ቆሞ ይሳደባል? አሰልጣኝ በዝግ ቢሮ ይቀጠራል፤ በዝግ ቢሮ ይሰናበታል። መቀጠሩንም መሰናበቱንም የምንሰማው ከሬዲዮ ነው።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በየዓመቱ ሰኔ ላይ፣ ውድድሩ ሲያልቅ፣ ቡድኑን የሚመሩት ሰዎችና አሰልጣኙ ስታዲየማችን መሀል ይቁሙ። ሕዝቡ ይቀመጥ። አሰልጣኙ ይናገር፦ ምን ሊሠራ መጥቶ ነበር፣ ምን ተሰጠው፣ ምን ተከለከለ፣ የት ተሳሳተ። አመራሩም ይናገር፦ ስንት ወጣ፣ ለማን ወጣ፣ ከከተማውና ከዞኑ ልጆች ስንቱ ተመለመለ። መልሱ ካላረካን ያን ጊዜ እንጩህ። ማን ላይ እንደምንጮህ ቢያንስ እናውቃለን።

ይህን ሐሳብ ያማከርኳቸው ጓደኞቼ ሁለት ነገር አሉኝ። አንደኛው፣ «ኳስ ነው፤ ፖለቲካ አታድርገው» አለኝ። በበጀት የሚተዳደር ቡድን ይዞ ይህን ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንጃ። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሕዝብ አሰልጣኝ ይምረጥ ልትል ነው? በእጅ ብልጫ አሰላለፍ ልናወጣ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። አላልኩም። ሦስት ተከላካይ ይሁን አራት፣ ያ የባለሙያው ነው፤ እኔ አንዴ ተጠይቄ ስም መጥራት ያልቻልኩ ሰው ነኝ። ግን ሙያው የሱ ነው ብዬ ስለቅለት፣ እሱም ሙያውን እንዳሳየኝ ልጠይቀው መብቴ ነው። «አጨራረስ» ብሎ ማምለጥ የለም። አመራሩም «አሰልጣኙን አሰናብተናል» ብሎ ማምለጥ የለበትም።

ያ ስብሰባ አንድ ሰኔ ቢጠራ እኔ ቀድሜ እጄን አወጣለሁ። ስለ ቅያሪው አልጠይቅም፣ ስለ ዳኛውም አልጠይቅም። ዓመቱን ሙሉ ወንበሩ ላይ ተሰልፈው የነበሩት ተቀያሪዎች አንድ በአንድ እንዲቆሙና ኳስ መጫወት የጀመሩበትን ሰፈር እንዲነግሩን እጠይቃለሁ። ያንን ባጃጅ ነጂ ልጅም ይዤው እመጣለሁ፤ ጎኔ ይቀመጣል።